ላሜራው የወፈረ መኪና ያድናል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እኔና ባለቤቴ የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ሲሆን ሁለት ልጆች አሉን፤ ትንሿ ገና ዓመት አልሞላትም። አሮጌው መኪናችን ከእንግዲህ የሚጠገን ስላልሆነ ሌላ ለመግዛት ስናፈላልግ ቆይተን ምርጫችን በሁለት መኪኖች ላይ አርፏል። አንደኛው የ2020 ሞዴል ኮሮላ ሃይብሪድ (በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሠራው) ሲሆን ሁለተኛው ባለ ሦስት ረድፍ መቀመጫ የ2014 ሞዴል ትልቅ ኤስዩቪ ነው። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። እኔ በየቀኑ በ395 አውራ ጎዳና ወደ ሥራ ስለምመላለስ የቤንዚኑ ነገር ያሳስበኛል። ባለቤቴ ግን «ልጆቼን ቆርቆሮ ውስጥ አላስቀምጥም» ብሎ ወስኗል። ወንድሙ ደግሞ መንግሥት በነዳጅ ቁጠባ ሕጉ ምክንያት መኪኖች እንዲያንሱ አድርጎ ሰው ማስጨረሱ በጥናት የተረጋገጠ ነው ብሎ ክርክሩን አባባሰው። ይህ እውነት ነው? ከሁለቱስ የትኛውን ብንገዛ ይሻላል?
ወ/ሮ ሰ.፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ ወ/ሮ ሰ.፣ ባለቤትዎ የሚሉትም ሆነ ወንድማቸው የጠቀሱት መሠረት የሌለው ነገር አይደለም። ሆኖም ሁለቱም የነገሩን ግማሽ ብቻ ነው የያዙት።

ከባለቤትዎ ሐሳብ ልጀምር። ሁለት መኪኖች ፊት ለፊት ሲጋጩ ክብደት ያደላል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ኮሮላው 1,400፣ ኤስዩቪው 2,500 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ እንበል። ሁለቱም በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየተጓዙ አፍንጫ ለአፍንጫ ቢላተሙ፣ ተያይዘው ኤስዩቪው ይሄድ በነበረበት አቅጣጫ በሰዓት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ይንሸራተታሉ። በዚህ ጊዜ የኤስዩቪው ተሳፋሪዎች ፍጥነት ከ60 ወደ 17 ስለሚወርድ የሚደርስባቸው ለውጥ 43 ኪሎ ሜትር ነው። የኮሮላው ተሳፋሪዎች ግን ከ60 ወደ ዜሮ ከወረዱ በኋላ በዚያው ቅጽበት በ17 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ስለሚገፉ ለውጡ 77 ይደርስባቸዋል። የሰውን አንጎልና ደረት የሚጎዳው በዓይን ጥቅሻ ውስጥ የሚከሰተው ይህ የፍጥነት ለውጥ ነው። በጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪ የነበሩት ሌናርድ ኢቫንስ የአሜሪካን የትራፊክ ሞት መዝገብ መርምረው፣ አንዱ መኪና የሌላውን እጥፍ በሚመዝንበት ግጭት የቀላሉ መኪና ሾፌር የመሞት ዕድሉ ከከባዱ ሾፌር 12 ጊዜ ያህል እንደሚበልጥ አሳይተው ነበር። ጥናታቸው በዛሬ ዘመን መኪኖች ላይ የተደረገ ባይሆንም ክብደት ወደ የት እንደሚያደላ በግልጽ ያሳያል።

ይሁንና ይህንኑ ስሌት አንድ ጊዜ ደግመው ይመልከቱት። ከኤስዩቪው ተሳፋሪዎች ላይ የተቀነሰው 17 ኪሎ ሜትር በቀጥታ በኮሮላው ተሳፋሪዎች ላይ ነው የተጨመረው። ክብደት ለባለቤቱ የሚሰጠው ጥበቃ ከተጋጪው ወገን የተወሰደ ነው፤ በመንገዱ ላይ ያለው ሁሉ 2,500 ኪሎ መንዳት ቢጀምር ማንም ከማንም አይጠቀምም፤ ያው ቤንዚኑ ብቻ ይጨምራል። ከዚህም በላይ ይህ ጥቅም የሚገኘው የተጋጩት ነገር ወደ ኋላ ሊገፋ የሚችል ከሆነ ነው። መኪናው ከመንገድ ወጥቶ የድልድይ ምሰሶ ወይም ወፍራም ዛፍ ቢመታ ኮሮላውም ኤስዩቪውም እኩል ከ60 ወደ ዜሮ ይወርዳሉ። በዚያን ጊዜ ሰውን የሚያድነው የመኪናው አፍንጫ ምን ያህል ተጨማድዶ ኃይሉን እንደሚውጥና ከኋላው ያለው የተሳፋሪ ክፍል ቅርጹን ጠብቆ መቆየት አለመቆየቱ ነው።

የላሜራ ውፍረት ጉዳይ መልስ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚደጉሙትና በምህጻሩ አይአይኤችኤስ የሚባለው የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደህንነት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2009 የተመሠረተበትን 50ኛ ዓመት ሲያከብር የ1959 ሸቭሮሌ ቤል ኤርን ከ2009 ሸቭሮሌ ማሊቡ ጋር በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ፊት ለፊት አጋጭቶ ነበር። ቤል ኤር ከማሊቡ የረዘመ፣ በክብደትም የሚቀራረበው፣ ሰው «ድሮ እንደዚህ ነበር ብረት የሚሠራው» እያለ የሚያደንቀው ዓይነት መኪና ነው። በግጭቱ የቤል ኤር የሾፌር ክፍል ወደ ውስጥ ተጨፈለቀ፤ መሪውና ክሩስኮቱ በሾፌር ቦታ ወደ ተቀመጠው የመፈተኛ አሻንጉሊት ተገፍተው ገቡ። የደህንነት ቀበቶም ኤርባግም ስላልነበረው፣ በዚያ ቦታ የተቀመጠው ሰው ቢሆን ኖሮ በሕይወት ባልተረፈ ነበር። የማሊቡ አፍንጫ እንደ ወረቀት ተጨማደደ፤ የተሳፋሪ ክፍሉ ግን እንዳለ ቆመ፤ የሾፌሩም ጉዳት ከእግር የማያልፍ እንደሚሆን ተገመተ። ግጭት ላይ የተሰባበረ አዲስ መኪና አይተን «እንዴት ያለ ቆርቆሮ ነው!» የምንለው አፍንጫው የተሠራበትን ዓላማ ባለማወቅ ነው።

ይህን ስል ትንሽነት ዋጋ አያስከፍልም ማለቴ አይደለም። ይኸው ተቋም በዚያው ዓመት ሆንዳ ፊትን ከሆንዳ አኮርድ፣ ቶዮታ ያሪስን ከቶዮታ ካምሪ፣ ስማርት የተባለችውን ባለ ሁለት መቀመጫ ደግሞ ከመርሰዲስ ሲ ክላስ ጋር አጋጭቶ ሦስቱም ትንንሽ መኪኖች ዝቅተኛውን ደረጃ አግኝተዋል። ተጋጪዎቹ መካከለኛ የቤት መኪኖች እንጂ ግዙፍ ኤስዩቪዎች እንዳልነበሩ ልብ ይበሉ። አይአይኤችኤስ በየጊዜው በሚያወጣው የሾፌሮች ሞት ዝርዝር ላይም በላይኛው ረድፍ የሚደጋገሙት በጣም ትንንሾቹ መኪኖችና ጉልበተኛ ሞተር የተገጠመላቸው የስፖርት መኪኖች ናቸው። እኔ ብሆን ለአሜሪካ አውራ ጎዳና ከኮሮላ ያነሰ መኪና አልመርጥም።

አሁን ወደ ወንድማቸው ክስ ልለፍ። እ.ኤ.አ. በ1973 የዐረብ አገሮች ለአሜሪካ ነዳጅ መሸጥ ካቆሙ በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1975 የነዳጅ ቁጠባ ሕግ አወጣ፤ አምራቾች የሚሸጧቸው የቤት መኪኖች በአማካይ በ1985 ሞዴል በጋሎን 27.5 ማይል እንዲሄዱ አስገደደ። አምራቾቹም በጥቂት ዓመታት ውስጥ መኪኖቻቸውን ብዙ መቶ ኪሎ ግራም አቀለሉ፤ አሳጠሩም። በብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ሥር የተቋቋመ ኮሚቴ በ2002 ባወጣው ሪፖርት፣ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተደረገው ማሳነስና ማቅለል በ1993 ብቻ ከ1,300 እስከ 2,600 ለሚደርስ ተጨማሪ ሞት ምክንያት ሳይሆን እንዳልቀረ ገምቷል። ወንድማቸው የሰሙት ይህንኑ መሆን አለበት። ያልሰሙት ደግሞ ሁለት የኮሚቴው አባላት በዚህ ግምት እንደማይስማሙ በጽሑፍ ማስመዝገባቸውን፣ እንዲሁም ሕጉ ከወጣ በኋላ እስከ 1993 ባለው ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ከተነዳው ማይል አንጻር የሞት መጠን በአጠቃላይ መውረዱን ነው።

ለእኔ ከቁጥሩ ይልቅ የሕጉ አወቃቀር የበለጠ ያስተምራል። ሕጉ የቤት መኪናንና ቀላል የጭነት መኪናን ለያይቶ ለሁለተኛው ላላ ያለ መለኪያ ሰጠ። ቀላል ጭነት ሲባል የገበሬና የአናጢ ፒክአፕ ታስቦ ነበር። አምራቾች ግን በፒክአፕ ሻንሲ ላይ የቤተሰብ መቀመጫ ገጥመው ኤስዩቪ ብለው ሸጡት፤ ትልልቅ የቤት መኪኖችን ሲገዛ የነበረው ቤተሰብም ወደዚያው ፈለሰ። ስለዚህ በአንድ በኩል የቀለሉ፣ በሌላ በኩል የከበዱና ከፍ ያሉ ተሽከርካሪዎች በአንድ መንገድ ላይ ተገናኙ። ይህ ስሕተት ዘግይቶም ቢሆን በከፊል ታርሟል። ከ2011 ሞዴል ጀምሮ የቤት መኪና መለኪያ የሚወሰነው በአራቱ ጎማዎች መካከል ባለው ስፋት ሲሆን፣ ለኤስዩቪና ለፒክአፕ ይኸው አሠራር ቀድሞ ተጀምሯል። በዚህ አሠራር መኪናውን የሚያሳጥር አምራች የሚጠበቅበት የቁጠባ መጠንም አብሮ ስለሚጨምር ማሳነስ እንደ አቋራጭ አያገለግለውም፤ ስፋቱን ሳይነካ በጠንካራ ቀላል ብረት፣ በሞተርና በሃይብሪድ ቴክኖሎጂ መቆጠብ ግን ያዋጣዋል። ርዝመትና ስፋት ተጋጪውን ሳይጎዱ ተሳፋሪን ይጠብቃሉና ሐሳቡ ትክክለኛ ነው።

የትልቁን መኪና ሌላኛውን ገጽታም ማየት ያስፈልጋል። ቁመቱ ከፍ ያለ መኪና በቀላሉ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ2000 ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ያህል ጎማዎችን እንዲሰበስብ ያደረገው ቀውስ የታየው በተለይ ፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ ነበር፤ ጎማው በፍጥነት ላይ ሲላጥ መኪናው እየተገለበጠ ብዙ ቤተሰብ አልቋል። በ2002 ማርክ ሮስና ቶም ዌንዝል የተባሉ ተመራማሪዎች የሞት መዝገብን በየሞዴሉ ሲያወዳድሩ፣ ኤስዩቪ ለራሱ ሾፌር ከመካከለኛና ከትልቅ የቤት መኪና እንደማይሻል፣ ከአንዳንድ በደንብ ከተሠሩ ትንንሽ መኪኖችም እንደማይበልጥ አግኝተዋል። በጎ ጎኑንም ለመናገር፣ መኪና መንሸራተት ሲጀምር የእያንዳንዱን ጎማ ፍሬን ለየብቻ እየያዘ የሚያስተካክለው የመረጋጋት መቆጣጠሪያ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ ግዴታ ስለሆነ የእናንተው የ2014 ኤስዩቪ አለው፤ የመገልበጡ ስጋት እንደ ድሮው አይደለም። አምራቾች በ2003 በገቡት ስምምነት መሠረትም የኤስዩቪዎች ኃይል ተቀባይ ብረት ከቤት መኪኖቹ ጋር እንዲመጣጠን ዝቅ ተደርጓል። በአይአይኤችኤስ ስሌት በ1990ዎቹ መግቢያ አካባቢ የነበረ ኤስዩቪ የተጋጨውን መኪና ሾፌር የመግደል ዕድሉ የቤት መኪና ካለው ዕድል ከእጥፍ በላይ ነበር፤ ከ2013 እስከ 2016 በነበሩት ላይ ግን ብልጫው ወደ 28 በመቶ ወርዷል። ፒክአፖች እንዲህ አልተሻሻሉም።

እንግዲህ የእናንተን ሁለት መኪኖች እናወዳድር። የ2020 ኮሮላ ከፊቱ ያለውን መኪና ወይም እግረኛ አይቶ በራሱ ፍሬን የሚይዝ ሥርዓት ተጨማሪ ሳይከፈልበት አብሮት ይመጣል። ይህ ሥርዓት የፊተኛውን መኪና ከኋላ የመምታት አደጋን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ተረጋግጧል፤ በ395 ላይ ጠዋትና ማታ የሚያጋጥምዎ ግጭት ደግሞ በአብዛኛው ይኸው ዓይነት ነው። የ2014ቱ ኤስዩቪ ይህ የለው ይሆናል፤ ቢኖረውም ለብቻው የተከፈለበት አማራጭ ስለሚሆን ሻጩን ይጠይቁ። ትንሿ ልጅዎ በእግሯ መሄድ ስትጀምር ደግሞ ሌላ ነገር ይከተላል። ወላጆች ከጓሮ ወደ ኋላ ሲያሽከረክሩ የገዛ ልጆቻቸውን መግጨታቸው ስለበዛ በ2008 ሕግ ወጥቶ ከግንቦት 2018 ጀምሮ የኋላ ካሜራ ግዴታ ሆኗል፤ የረጅም ኤስዩቪ ኮፈን በበኩሉ ከፊት የቆመ ትንሽ ልጅ ፈጽሞ እንዳይታይ ያደርጋል። በአሜሪካ በመኪና ተገጭተው የሞቱ እግረኞች በ2009 ከ4,100 ገደማ ተነስተው በ2022 ከ7,500 በላይ ሆነዋል። ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም አይአይኤችኤስ በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ኮፈናቸው ከመሬት ከ40 ኢንች በላይ የሆነ መኪኖች ኮፈናቸው ዝቅ ብሎ ከተዳፋ መኪኖች ጋር ሲነጻጸሩ እግረኛውን የመግደል ዕድላቸው በ45 በመቶ ያህል ይበልጣል።

የቤንዚኑ ስሌት ደግሞ ለሁለታችሁም የሚሆን መካከለኛ መንገድ ያሳያል። በዓመት 12,000 ማይል ብትነዱ፣ በጋሎን 17 ማይል የሚሄደው ኤስዩቪ 706 ጋሎን ይፈልጋል፤ 50 ማይል የሚሄደው ኮሮላ 240። ልዩነቱ 466 ጋሎን ነው። ነገር ግን በጋሎን 40 ማይል የሚሄድ እንደ ራቭ4 ሃይብሪድ ያለ መካከለኛ መኪና ብትገዙ የምትጠቀሙት 300 ጋሎን ስለሆነ፣ ከ466ቱ ጋሎን 406ቱን ከወዲሁ አትርፋችኋል። ትልቁ ቁጠባ የሚገኘው ከበላተኛው መኪና በመውረድ እንጂ ትንሿን መኪና በመምረጥ አይደለም። ስለዚህ ለቀረበልኝ ጥያቄ መልሴ ከሁለቱ ኮሮላው ነው፤ ባለቤትዎ አሁንም ልባቸው ካልረጋ ግን ገንዘቡ እስኪሞላ ትንሽ ታግሳችሁ መካከለኛ ሃይብሪድ ፈልጉ። እስከ አማካይ ክብደት ድረስ የሚጨመር ኪሎ ለባለቤቱ ይጠቅማል፤ ከዚያ በላይ ያለው ለራስ የሚጨምረው ጥበቃ ጥቂት ሲሆን በሌላው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ይቀጥላል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ፣ ገርጂ ነዋሪ ነኝ። በስልክ መተግበሪያ የሚጠራ ታክሲ ለመሥራት ሱዙኪ ዲዛየር ለመግዛት ገንዘብ አጠራቅሜአለሁ። አባቴ ግን የ1980ዎቹ ላንድ ክሩዘር ስላላቸው «ይህችን ይዘህ ከሲኖትራክ ጋር ብትጋጭ ምን ይተርፍሃል? የእኔን ውሰድና ሥራ» ይሉኛል። ምን ልመልስላቸው?
ዮ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድሜ ዮ.፣ ሲኖትራክ «ቀይ ሽብር» የተባለው በከንቱ አይደለም፤ አባትህ መስጋታቸው ተገቢ ነው። መፍትሔያቸውን ግን በስሌት እንየው። ከነጭነቱ 30 ቶን መዝኖ በ50 ኪሎ ሜትር ከሚመጣ ገልባጭ መኪና ጋር አንተም በ50 እየነዳህ ፊት ለፊት ብትጋጭ፣ አንድ ቶን በምትመዝነው ዲዛየር ውስጥ የሚደርስብህ የፍጥነት ለውጥ 97 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ቶን ተኩል በሚመዝን ላንድ ክሩዘር ውስጥ ደግሞ 92 ይሆናል። አምስት ኪሎ ሜትር ብቻ! በእንዲህ ያለ ግጭት ከ30 ቶን ፊት ሁለቱም ቀላል ናቸው። የአባትህ መኪና ደግሞ ኤርባግ የለውም፤ ግትር ሻንሲው ብዙም ስለማይጨማደድ የግጭቱን ኃይል ወደ ተሳፋሪው ያሳልፈዋል። ከሲኖትራክ የሚያድንህ ርቀት መጠበቅ፣ በሌሊት ከከተማ ውጭ ያለመንዳትና ቁልቁለት ላይ ከፊቱ አለመቆም ነው።

ሆኖም የዲዛየርንም ነገር ሳልሸፋፍን ልንገርህ። መኪኖችን እያጋጨ ኮከብ የሚሰጠው ግሎባል ኤንካፕ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 አዲሱን ትውልድ ዲዛየር ፈትኖ ለአዋቂ ተሳፋሪ ጥበቃ አምስት ኮከብ ሰጥቶታል፤ ከእሱ በፊት የነበረው ትውልድ ያገኘው ሁለት ብቻ ነበር። ስማቸው አንድ፣ መጠናቸውም ከሞላ ጎደል ያው ነው። ልዩነቱ የመጣው ከአካሉ ጥንካሬ፣ ከስድስት ኤርባግና ከመረጋጋት መቆጣጠሪያው ነው። በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገራችን እንዳይገቡ የተከለከለው ግን ይህ ከመሆኑ በፊት፣ በ2016 ዓ.ም. ስለሆነ፣ በገበያው ላይ የምታገኘው ዲዛየር በአብዛኛው የቀድሞው ነው። ደላላው «አምስት ኮከብ ነው» ቢልህ የተሠራበትን ዓመት ሊብሬው ላይ አይተህ ተከራከረው። የቀድሞውን ብትገዛም ለከተማ ሥራ ይሆንሃል፤ ፍጥነቱ ዝቅተኛ በሆነበት መንገድ ጉዳቱም ይቀንሳል፤ ነዳጁም ላንድ ክሩዘሩ ከሚጠጣው ጋር አይወዳደርም። ከኋላ የሚቀመጥ ደንበኛህ ቀበቶ እንዲያስር ግን ከመነሳትህ በፊት ንገረው፤ ያልታሰረ የኋላ ተሳፋሪ በግጭት ጊዜ በሙሉ ክብደቱ ከፊት የተቀመጠው ሰው ላይ ይወድቃል፤ ከፊት የተቀመጥከው ደግሞ አንተ ነህ።

አባትህ ከመኪናው ጋር ፊት ለፊት ያስገጠሙት ወፍራም የብረት መከላከያ ካለ፣ እንዲያወጡት በትሕትና ለምናቸው። በከተማችን በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኛዎቹ እግረኞች ናቸው፤ ያ ብረት ፓራውልቱን ከጭረት ይጠብቅ እንጂ የሰውን ዳሌና ጭንቅላት የሚቀበለው ያለ ምንም ርኅራኄ ነው።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪና በባትሪው ምክንያት ከባድ ስለሆነ ትንሹም ቢሆን ደህንነቱ የተጠበቀ ነው ይባላል። ትክክል ነው?
መ.፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ በከፊል። ባትሪው ከወለል በታች ስለሚቀመጥ መኪናው በቀላሉ አይገለበጥም፤ ክብደቱም ከላይ በተባለው መንገድ ለባለቤቱ ይጠቅማል፣ ተጋጪውን ይጎዳል። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ሊቀ መንበር ጄኒፈር ሆሜንዲ በጥር 2023 ያስጠነቀቁት ስለዚሁ ነበር፤ ከ4 ቶን በላይ የሚመዝነውን የኤሌክትሪክ ሀመር ጠቅሰው ባትሪው ብቻ የአንድ ሆንዳ ሲቪክ ያህል እንደሚመዝን ተናግረዋል። ወደ እኛ አገር ከሚገቡት ትንንሽ የቻይና የኤሌክትሪክ መኪኖች አንዱን ሊገዙ ከሆነ ግን ከክብደቱ በፊት ስሪቱን ያጣሩ። የግጭት ፈተና ኮከብ የሚሰጠው ለተፈተነው ስሪት ብቻ ነው፤ ለአውሮፓ ገበያ የተሠራው ስድስት ኤርባግ ኖሮት ለሌላ ገበያ የተሠራው ሁለት ብቻ ሊኖረው ይችላል። ከመክፈልዎ በፊት የኤርባጉን ብዛት፣ የመረጋጋት መቆጣጠሪያ መኖሩንና መኪናው ለየትኛው አገር ገበያ እንደተሠራ ሻጩ በውሉ ላይ እንዲጽፍልዎ ያድርጉ።